የብረት ቃጫ የተቀላቀለበት የኮንክሪት አግዳሚ

ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ውኃና የብረት ቃጫ፤ 150 × 150 × 550 ሚሊሜትር፤ በመታጠፍ ፈተና የተሰነጠቀ

ኮንክሪት ከላይ የሚጫነውን ሸክም በጽናት የሚችል ሲሆን፣ ወደ ሁለት ወገን ለሚስበው ኃይል ያለው ብርታት ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ቃጫ የሌለበት እንደ ሆነ የመጀመሪያው ስንጥቅ ሲወጣ በድንገት ለሁለት ይከፈላል። ይህ አግዳሚ ከተሰነጠቀ በኋላ እንኳ ያልተለያየው፣ በስንጥቁ ውስጥ የሚታዩት፣ ጫፋቸው የተቆለመመ ቀጫጭን የብረት ቃጫዎች ሁለቱን ወገን አያይዘው፣ ከሲሚንቶው ጥቂት በጥቂት እየተነቀሉ የሚሰብረውን ኃይል ስለሚያደክሙት ነው።

ቃጫ የኮንክሪቱን ሸክም የመቻል ኃይል እጅግም አይጨምርም፤ የሚሰጠው ታላቅ ጸጋ፣ ሕንፃው ከመውደቁ አስቀድሞ ለሰው ልጅ ምልክትና ጊዜ መስጠቱ ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ይዘት ከመቶ 2 እጅ አይበልጥም፤ ከልክ ካለፈ ቃጫው ይቋጠራል፣ ውህዱም ለማፍሰስ ያዳግታል። ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ቃጫ ደግሞ በእሳት ጊዜ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀልጦ በኮንክሪቱ ውስጥ ለታመቀው እንፋሎት መውጫ ስለሚተው፣ የዋሻ መንገዶችን ግድግዳ ከመፈንዳት ይጠብቃል።

የጥበቡ መሠረት ጥንታዊ ነው። ፈርዖን ለጡብ ሥራ የሚሆነውን ጭድ እስራኤልን እንደ ከለከላቸው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 ተጽፏል፤ አባቶቻችንም የቤታቸው ግድግዳ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ በማሰብ፣ የምርጊቱን ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተዋል፤ የዛሬው መሐንዲስ ደግሞ የቃጫውን ርዝመት፣ ቅርጽና መጠን በስሌት ወስኖ ይህንኑ ጥበብ ወደ ታላላቅ ሕንፃዎች አድርሶታል።