ያላቻ ጋብቻ፤ ከቋራ ቆላ እስከ ቴአትር መድረክ

በመንደር ውስጥ የሚነሣው የዘመድ ጠብ፣ ባለቤቶቹን የሚያስለቅስ ሲሆን ተመልካችን ያሥቃል። ስለዚህም በደቡብ ህንድ ታሚሎች በፊልማቸው፣ እኛም በቴአትራችን የዘመድን ጠብ ለመድረክ አብቅተነዋል። በኒው ዴልሂ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ያገለገሉት ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ በ1957 ዓ.ም. ባሳተሙት «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ኮሜዲ፣ የተማረ የመኳንንት ልጅ ወደ ገጠር ወርዶ የቤት አገልጋዩን ለማግባት ሲነሣ ከአክስቱ ጋር የሚገጥመውን ሙግት አሳይተውናል።

ይሁን እንጂ ይህ ሣቅ ከመራራ ሥር የበቀለ ነው። ሥሩን ለመመርመር ከመድረኩ ወርደን ወደ ቋራ ቆላ እንሂድ።

ቋራ ከመተማ ጋር የተጎራበተ፣ በዛሬው የምዕራብ ጎንደር ዞን ከሱዳን ጋር የሚዋሰን አገር ነው። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ የቋራው ገዢ የደጃዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ነበሩ። በዚያ ቆላ ሸፍተው ኃይላቸው በበረታ ጊዜ፣ በ1830ዎቹ ዓ.ም. ራስ ዐሊና እናታቸው እቴጌ መነን በጦር ያልገቱትን ሰው በጋብቻ ለማሰር አስበው የራስ ዐሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው።

ጋብቻው ግን ንቀትን አልሻረም። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ዘመን ኮሶ ይሸጡ ነበር ስለ ተባለ፣ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ካሣን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ መኰንን ሁሉ ለሆዱ ትል ያንኑ ኮሶ መጠጣቱን ግን ማንም አላሰበውም። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው የእቴጌይቱ የጦር አለቃም ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ሆኖም ራሱ ተማረከ። እንደ ተተረከው፣ ካሣ ይህ እናቴ ሳትሸጠው የተረፈ ነው እያሉ ኮሶ አጠጡት።

እዚህ ላይ ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ቀልዱ ግን አልቆየም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው በካሣ እጅ ተማረኩ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ አማቹ ካሣ በአይሻል ጦርነት አማታቸውን ራስ ዐሊን ድል አደረጉ። ለማሰሪያ ገመድ ትሆናለች የተባለችው ተዋበች ግን በ1850 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ከባሏ ጋር ጸናች። በአባቷና በባሏ መካከል የቆመች ሴት የተሸከመችውን ኀዘን የሚገምት ይገምተው።

«ያላቻ ጋብቻ ቆይ ብቻ፣ ቆይ ብቻ» ይላል ተረቱ። የተዋበች ታሪክ ግን ተረቱን ያስተባብላል፤ ጋብቻውን ያጸናው የዘር እኩያነት ሳይሆን የልብ መስማማት ነበርና። በቋራ በኮሶና በጦር የተፈታውን ጠብ፣ መንግሥቱ ለማ በመድረክ ላይ ለሣቅ ሰጡት። ያለ ደም የሚገኝ ፍርድ ይህ ነው።

ክቡራን አድማጮች! በየመሥሪያ ቤታችን ሰውን በትምህርቱና በሥራው እንመዝናለን። ወደ ቤታችን ገብተን ልጃችን እጮኛዋን ስታስተዋውቀን ግን፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ይሆን? «የማን ዘር ነው?» የምንል ከሆነ፣ በቴአትሩ ውስጥ የሚሣቅባት አክስት ከእኛ ቤት አልወጣችም ማለት ነው።