የቻፓኩዊዲክ ድልድይና ግማሹ ብቻ የተሰማው ምስክር፤ የጃክ ኦልሰን መላ ምት ከችሎቱ መዝገብ አንጻር

ጃክ ኦልሰን በ1970 መጀመሪያ ላይ ባሳተመው ስለ ቻፓኩዊዲክ ድልድይ በሚተርክ መጽሐፉ ያቀረበው መላ ምት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይደገማል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉ ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦልሰን እንደሚለው መኪናው ከድልድዩ ላይ ሲወድቅ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ውስጡ አልነበረም። መንገድ ላይ የጸጥታ ሰው ስላየው ደንግጦ ወርዷል፤ ሜሪ ጆ ኮፔክኒ ብቻዋን መሪ ጨብጣ ስትነዳ የማታውቀው ድልድይ ላይ ደረሰችና ውሃ ውስጥ ገባች። ቢቢሲ በ1994፣ የአደጋውን 25ኛ ዓመት አስመልክቶ ባሰራጨው ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ አንስቶታል። ሐሳቡ ንጹሕ ይመስላል፤ ግራ የሚያጋቡትን ነገሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈታ ስለሚመስልም ብዙ አንባቢ ወዶታል። የእኔ ክርክር መላ ምቱ ሊመዘንበት ከሚገባው ሰነድ በፊት ተጽፏል የሚል ነው። የሞት ምክንያት ማጣሪያ ችሎቱ 763 ገጽ የምስክርነት ቃል ለሕዝብ የተከፈተው አፕሪል 29 ቀን 1970 ነው። ከዚያ ወዲህ መላ ምቱን የደገሙት ጸሐፊዎች ግን ሰነዱን ፊት ለፊታቸው አድርገው ነው የደገሙት፤ ጥፋታቸውም ከኦልሰን ይበልጣል።

የማያከራክረውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጁላይ 18 ቀን 1969፣ ዓርብ ምሽት፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ከማርታስ ቪንያርድ አጠገብ ባለችው ቻፓኩዊዲክ ደሴት በአንድ የኪራይ ቤት ግብዣ ነበር። ስድስት ወንዶችና ስድስት ሴቶች ተገኝተዋል፤ ሴቶቹ በ1968 የሮበርት ኬኔዲ የምርጫ ዘመቻ ውስጥ አብረው የሠሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ሜሪ ጆ ኮፔክኒ 29 ዓመት ሊሞላት ስምንት ቀን ቀርቷት ነበር። ኬኔዲ በቃሉ እንዳለው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ከሾፌሩ ተቀብሎ እርሷን ወደ ማመላለሻ ጀልባው ሊያደርስ ወጣ፤ በስህተት ወደ ቀኝ ታጥፎ አፈር መንገድ ውስጥ ገባ፤ አጥር በሌለው የእንጨት ድልድይ ላይ ሲደርስ መኪናው ወደ ውሃው ወደቀ። እርሱ ወጣ፣ እርሷ ቀረች። ለፖሊስ ያሳወቀው በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጁላይ 25 ቀን አደጋ ካደረሱ በኋላ ከቦታው በመሰወር ጥፋተኝነቱን አምኖ የሁለት ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት።

ስለ ጉዳዩ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን እዚህ አያቆየንም። የሊዮ ዳሞር የ1988 መጽሐፍ የሴናተሩ ዘመድ ጆሴፍ ጋርጋን ከዓመታት በኋላ በተናገረው ላይ የቆመ ነው፤ ጠቃሚ ቢሆንም ትኩረቱ የኬኔዲ ባሕርይ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ወይ ሴናተሩን ለመክሰስ ወይ ለመከላከል የተነሱ ናቸው። ኦልሰን የተለየው በሌላ ነገር ነው። በእርሱ ትረካ መሪው ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይዞራል፤ ያውም መልስ መስጠት ወደማትችል ሟች እጅ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ኦልሰን በሌሎች መጽሐፎቹ ትጉህ ዘጋቢ መሆኑን አልክድም። እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል፤ ስህተቱም ትንሽ አይደለም።

የመላ ምቱ ምሰሶ ክሪስቶፈር ሉክ የተባለው የሸሪፍ ረዳት የሰጠው ቃል ነው። ሉክ በዚያ ሌሊት ከደሴቲቱ ማዶ ባለችው በኤድጋርታውን ከተማ የጀልባ ክለብ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ላይ ቆይቶ፣ ሥራው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲያበቃ በክለቡ ጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ፣ የአስፋልቱ መንገድ ወደ ግራ በሚታጠፍበትና የድልድዩ አፈር መንገድ ወደ ቀኝ በሚለይበት ቦታ፣ ጥቁር መልክ ያለው መኪና አየ። መሪ የያዘው ወንድ ነው፤ አጠገቡ ሴት ተቀምጣለች። መኪናው መጀመሪያ ወደ አንድ የግል መንገድ ገብቶ ቆመ፤ ከዚያም ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ሉክ መንገድ የጠፋባቸው መስሎት ሊረዳቸው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ መኪናው አቧራ እያስነሳ በአፈሩ መንገድ ወደ ድልድዩ ተፈተለከ። ሉክ ከታርጋው ላይ «ኤል» ፊደልን፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ደግሞ 7 ቁጥርን ያዘ። የኬኔዲ መኪና ታርጋ ኤል 78-207 ነበር። በማግስቱ መኪናው ከውሃ ሲወጣ ሉክ እዚያው ነበረ፤ ሌሊት ያየሁት ይህንን ነው አለ።

ኦልሰን ከዚህ ቃል የሚፈልገውን ድንጋጤ ብቻ ይወስዳል። ሰውየው የጸጥታ ሰው ዩኒፎርም አይቶ ፈርቷል፣ ስለዚህ ከመኪናው ወርዷል ይላል። ወረደ የሚለው ግን ሉክ ካየው ውስጥ የለም። ሉክ ያየው ወንድ መሪ ይዞ፣ ሴት ከጎኑ ተቀምጣ፣ መኪናው በፍጥነት ወደ ድልድዩ ሲሄድ ነው። ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው። ኦልሰን በዚህች ርቀት ውስጥ መኪናው እንዲቆም፣ ወንዱ እንዲወርድ፣ ሴቲቱ ወደ መሪው እንድትሻገር፣ ከዚያም ብቻዋን ጨለማ ውስጥ እንድትነዳ ይፈልጋል። አንድም ምስክር፣ አንድም አካላዊ ማስረጃ አያቀርብም። ያየውን ሰው ተቀብሎ፣ ያ ሰው ያላየውን በራሱ እጅ የሚጨምር ተመራማሪ በምስክሩ ተጠቀመ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ማስረጃ ኦልሰን መጽሐፉን ሲጽፍ በመዝገብ መልክ ያልነበረው ነው። ኬኔዲን በማግስቱ የመረመረው ሐኪም ሮበርት ዋት ለችሎቱ በሰጠው ቃል የጭንቅላት ምት ምልክት፣ የራስ ቆዳ ላይ ጭረትና የአንገት ጡንቻ መኮማተር እንዳገኘ አስረድቷል። ኬኔዲ ጁላይ 22 ቀን በቀብሩ ላይ የአንገት ድጋፍ አድርጎ ታይቷል። ጋርጋንና የቀድሞው የማሳቹሴትስ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ፖል ማርክሃም ደግሞ በዚያው ሌሊት ከሴናተሩ ጋር ወደ ድልድዩ ተመልሰው ውሃ ውስጥ እንደገቡ በመሐላ ተናግረዋል። መላ ምቱ እውነት እንዲሆን ሐኪሙ ሌላ ጉዳት አይቶ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ሕግ አዋቂዎች ደግሞ በመሐላ ዋሽተው መሆን አለበት፤ ያውም የሚዋሹት ሴናተሩን ነጻ ለማውጣት ሳይሆን ጥፋተኛ ለማድረግ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ኬኔዲ ስለ ሰዓቱ ሳይዋሽ አልቀረም፤ ስለ ሰዓቱ ከዋሸ ስለ ሾፌሩም ሊዋሽ ይችላል ይባላል። ሰዎች የሚዋሹት ወደሚጠቅማቸው አቅጣጫ ነው። ከአምስት ሰዓት ከሩብ ወደ ስድስት ሰዓት ከአርባ መሸጋገር ጀልባው ሥራ ካቆመ በኋላ መንገድ ላይ ምን ይሠሩ ነበር የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ ጀልባው እኩለ ሌሊት ላይ ያቆም ነበርና። ሾፌሩ እኔ ነኝ ማለት ግን ምንም አይጠቅመውም። በማግስቱ ጠዋት ባረፈበት ሆቴል ደጃፍ ላይ ከጀልባ ተወዳዳሪዎች ጋር በጸጥታ ሲያወራ ታይቷል፣ አደጋውን ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አይሆንም የሚለው ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ብዙ አያነጋግርም። የሰውየው ፊት ስለ ሰውየው ይናገራል፤ ማን መሪ ይዞ እንደነበር አይናገርም።

በጣም የሚያስቆጣኝ የቁመት ክርክሩ ነው። ኦልሰን ሜሪ ጆ ከኬኔዲ አንድ ጫማ ያህል አጠር ትል እንደነበር፣ ከዚያ ትልቅ ኦልድስሞቢል መሪ ጀርባ ሆና ድልድዩን በደንብ ላታይ ትችል እንደነበር ይናገራል። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ስለ አንዲት ሴት ቁመት የተሰነዘረ ግምት ነው። ድልድዩ ከመንገዱ ጋር ቀጥ ብሎ የሚገናኝ ሳይሆን ወደ ጎን ያዘመመ፣ ዳር አጥር የሌለው፣ መብራት የሌለው ነበር፤ ረጅም ሰውም ይስታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኬኔዲ በሾፌሩ እየተነዳ በዚሁ ድልድይ ላይ ወደ ባሕር ዳርቻ ደርሶ መመለሱም በመዝገቡ ውስጥ አለ። ድልድዩን ያየው እርሱ ነው።

ዳኛ ጄምስ ቦይል ከጃንዋሪ 5 እስከ 8 ቀን 1970 በዝግ ችሎት ምስክሮችን ከሰማ በኋላ የጻፈው ዘገባ፣ ከኦልሰን ጋር ሲነጻጸር፣ በጣም የተቆጠበ ነው። ሜሪ ጆ የእጅ ቦርሳዋንና የመኝታ ክፍል ቁልፏን ግብዣው ቤት ትታ መሄዷን፣ እንደማትመለስም ለማንም አለመናገሯን ይመዘግባል። ከዚህም በመነሳት ሁለቱ በዚያ ሰዓት ወደ ኤድጋርታውን የመመለስ ሐሳብ እንዳልነበራቸው፣ ወደ አፈሩ መንገድ የተደረገው መታጠፍም ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ይገምታል። ኬኔዲ በግዴለሽነት ለመንዳቱና ይህም ለሞቷ አስተዋጽኦ ለማድረጉ በቂ ምክንያት አለ ይላል። ዳኛው የሉክ ቃል የሚያነሣውን ጥያቄ እስከ መጨረሻ አልተከተለውም፤ ይህን አልሸፍንም። ነገር ግን ከሉክ ቃል ጋር አንድም ቦታ አይጋጭም።

ያም ሆኖ ይህ ዳኛ ከስድስት ወር በፊት ፍርዱን በገደብ ሲያደርግ ተከሳሹ ፍርድ ቤቱ ሊወስንበት ከሚችለው በላይ ተቀጥቷል፣ ወደፊትም ይቀጣል የሚል ምክንያት የሰጠው ያው ዳኛ ነው። ይህን ሐሳብ ደግሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ስም በጋዜጣ መነሳቱ ቅጣት ተደርጎ ተቆጠረ። በአንድ ስሙ በማይታወቅ ዓሣ አስጋሪ ላይ ግን ማንም ዳኛ ይህን ሊል አይችልም ነበር፤ የእርሱን ስም የሚጽፍ ጋዜጣ የለምና።

ኦልሰን ማን ነዳ ከሚለው ጥያቄ ጋር ሲታገል የቀረው ጥያቄ ሴቲቱ እንዴትና መቼ ሞተች የሚለው ነው። የኤድጋርታውን የእሳት አደጋ ጠላቂ ዋናተኛ ጆን ፋራር በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ደርሶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አስከሬኑን አወጣ። መኪናው ተገልብጦ ነበር። ፋራር ያገኛት ከኋላ ወንበር በኩል፣ ጭንቅላቷ ወደ እግር ማረፊያው ቀና ብሎ፣ እጆቿ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው ነው። የአየር ኪስ ያለበትን ቦታ ፈልጋ የያዘችው ቦታ መሆኑን ያምን ነበር፤ ውሃ ሳይሆን አየር ማለቁ ገደላት፣ ወዲያው ተጠርቼ ቢሆን በ25 ደቂቃ ውስጥ አወጣት ነበር ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ቀብሩን ያሰናዳው ባለሙያም ከአስከሬኑ የወጣው ውሃ ትንሽ እንደነበር መስክሯል። ከድልድዩ ብዙ ሳይርቅ መብራት የበራበት ቤት ነበር፤ ኬኔዲ ግን ሳያንኳኳ አልፎታል።

ፋራር የአስከሬን ሐኪም አይደለም፤ ቃሉን ከአንድ ልምድ ካለው ጠላቂ ቃል በላይ አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ሆኖም የሚቃወመው ምርመራ የለም። የአካባቢው የሞት መርማሪ ዶናልድ ሚልስ አስከሬኑን በላይ በላዩ አይቶ በመስጠም የደረሰ ሞት ነው አለ፤ የአስከሬን ምርመራ ሳይደረግ ወደ ፔንሲልቫኒያ ተወሰደ። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ኤድመንድ ዲኒስ መቃብሩ ተከፍቶ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ፤ ወላጆቿ ተቃወሙ፤ ዳኛ በርናርድ ብሮሚንስኪ በዲሴምበር 1969 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ሐዘንተኛ ወላጆች የልጃቸውን መቃብር አታስነኩ ማለታቸውን የሚነቅፍ ሰው አይኖርም። ለታሪክ ተመራማሪ ግን የሚተርፈው የፋራር ቃል ነው፤ ኦልሰንን ተከትለው መሪውን በእጇ ያስጨበጡት ጸሐፊዎች ደግሞ ይህን ቃል አንስተው ወዲያው ያልፉታል። በእነርሱ ትረካ ኬኔዲ ስላላወቀ፣ በመኪናው ውስጥ ያለፈው ሰዓት የማንም ጥፋት አይሆንም። መላ ምቱ እንደገና እንደገና የሚማርከውም በዚህ ይመስለኛል፤ ሰዓቱን ያጠፋዋል።

በአፕሪል 6 ቀን 1970 ክስ ይመስረት አይመስረት የሚወስነው የዜጎች ሸንጎ፣ ግራንድ ጁሪው፣ በኤድጋርታውን ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ሌስሊ ሌላንድ የማጣሪያ ችሎቱን ምስክርነት ለማየት ጠየቀ፤ አልተፈቀደም፤ ሸንጎውም በማግስቱ ክስ ሳያቀርብ ተበተነ። መዝገቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። ሸንጎው እንዳያነብ የተከለከለው የሉክ፣ የፋራርና የቦይል ቃል ዛሬ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ጸሐፊ ሜሪ ጆን ወደ መሪው ከማሻገሩ በፊት ሊያነበው የሚገባው ይኸው ነው።