የበቅሎ አባት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮና ዘንዘልማን አልፎ ወደ ወረታ የሚያቀናው መንገደኛ ከሠላሳ ጥቂት የሚበልጥ ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ የሚያገኛት የደራ ከተማ ሐሙሲት፣ ስሟን የወረሰችው ከንጉሥ ወይም ከጻድቅ ሳይሆን ከዕለት ነው፤ ካህኑ ሳምንቱን በበዓል ሲቈጥር ገበሬው በገበያ ይቈጥራልና፣ ሐሙስ ገበያ የሚቆምባት ስፍራ ሐሙሲት፣ ዓርብ የሚቆምባትም ጎረቤቷ ዓርብ ገበያ ተብለው ቀርተዋል። በዚህች ከተማ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ፣ ማታ ከቤት ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚያድር፣ ወንበሩ ቆዳ የሆነ ያገለገለ የቅንጦት መኪና አግኝቻለሁ፤ ልግዛ ወይስ ልተው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የሞተር ባለሙያ አይደለሁምና ለጊዜው መልስ አጣሁ። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ ይህ ጥያቄ በጣና ዳር ሲጠየቅ የመጀመሪያው እንዳልሆነ፣ አባቶቻችንም በዚያችው ገበያ በሌላ ስም ሲጠይቁትና ሲመልሱት እንደ ኖሩ ተገለጠልኝ።

ልጁ የጠራው መኪና ባለ ሙያዎቹ «ፕለግ ኢን ሃይብሪድ» የሚሉት ነው። «ሃይብሪድ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ጥንት ከቤት እሪያና ከዱር ከርከሮ የተወለደውን ዲቃላ ያመለክት ነበር፤ እኛ ግን ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሮም መሄድ አያሻንም፤ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት የምትወለደው በቅሎ ከደጃችን ቆማለችና። ከአባቷ ትዕግሥትንና በገደል የማይስተውን ሰኮና፣ ከእናቷ ቁመትንና ግርማን ወርሳ፣ ከሁለቱም ወላጆቿ የተሻለች መንገደኛ ትሆናለች። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች የሚለው ተረት፣ ስለ ትዕቢተኛ ሰው ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ ከገበያ የተወለደ የገዢ ጥበብ መሆኑን ግን ልብ አንለውም።

በቅሎ በዘመኗ ጌጥና ማዕርግ ነበረች። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ሲቀመጥ፣ የረዥሙን መንገድ ዳገትና ቁልቁለት መኳንንቱም፣ ወይዛዝርቱም፣ ሊቃነ ካህናቱም የሚወጡት በሰጋር በቅሎ ነው፤ ንጉሥ የወደደውን ሰው ሲሸልም ከነኮርቻዋ፣ ከነልጓሟና ከነግላሷ በቅሎ ይሰጠው ነበር። ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ሲወረድ የምትገኘው፣ የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ደብር ያለባት ቆራጣ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን በ1858 ዓ.ም. ያስቀመጡት በዚያ ነው። ከጎጃም ባሶ ተነሥቶ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው ሲራራ ነጋዴ ደግሞ በሐይቁ ምሥራቅ በይፋግ ገበያ ያርፍ ነበርና፣ በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚኖረው የደራ ሰው የጭነትንም የግልቢያንም በቅሎ ለይቶ የሚያውቅ ሆኖ አደገ።

እኔም በልጅነቴ አያቴን ተከትዬ ሐሙስ ገበያ ወርጄ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደላላው ዳማ በቅሎ እየሳበ፣ «እናቷ የታወቀች ባዝራ ናት፤ ስግሪያዋ በቀንድ የያዙትን ጠጅ አያፈስም» እያለ ሲያሞጋግስ፣ አያቴ አንድም ቃል ሳይመልሱ አስቀድመው ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ጥርሷን አዩ፤ ጥርስ ዕድሜን አይዋሽምና። ቀጥለው አራቱንም ሰኮና እያነሡ ተመለከቱ፤ ኮርቻውን አስፈትተውም መዳፋቸውን በጀርባዋ ላይ በቀስታ ሲያስኬዱ፣ ጠጕሩ ነጣ ብሎ በበቀለበት አንድ ስፍራ ላይ ጣታቸው ቆመ፤ የዳነ ገጣባ ነበር። በመጨረሻም ከሜዳው አውጥተው ዳገቱን በራሳቸው ጋልበው ወጡ፤ ሲወርዱ ደላላውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የአባቷ የአህያው አገር ወዴት ነው?» አሉት። ሰውዬው ስለ ባዝራዪቱ እንደገና ማውራት ሲጀምር አያቴ ልጓሙን መልሰው ሰጡትና ወደ እህል ተራ ሄድን።

ያን ጊዜ ግዢ በጥርስና በጀርባ ብቻ አይፈጸምም፤ ሻጩ ዋስ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እንስሳዪቱ የማትረግጥ፣ የማትናከስ፣ የማትደነብር መሆኗም በሰው ፊት ይነገራል። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ስለዚህ ገበያ የጮሌ መጫወቻ ብቻ አልነበረም፤ ሕግና ምስክር ያለበት ሸንጎም ነበር።

ከበቅሎ ወደ መንኰራኵር ስንሻገር ደግሞ፣ እርሱን በዚህ አገር የጦር አገልጋይ ሆኖ እናገኘዋለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡትን፣ ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ገደሉን እያስናዱ፣ ዐለቱን እያስፈለጡ፣ ሠራዊቱ በጠፍር እየሳበ፣ አምስት ወር ያህል የፈጀ የጋሪ መንገድ አስጠርገዋል። በዚያ መንገድ ላይ የታየው ትምህርት ዛሬም አልተሻረም፤ ዕቃ የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትን መንገድና የሚስበውን ጕልበት አብሮ ማሰብ አለበት።

አውቶሞቢል ግን የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በታሪኩም ውስጥ አንድ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1900 በቪየና ከተማ በሎነር ፋብሪካ የሚሠራው ወጣቱ ፈርዲናንድ ፖርሼ፣ የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ መንኰራኵሩን የሚያዞርበትን ባለ ሁለት ኀይል መኪና ሠርቶ «ሴምፐር ቪቩስ»፣ ማለት «ዘወትር ሕያው» ብሎ ሰየመው። በእኛም አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ በረሓ እየተንገላታ አዲስ አበባ ገብቶ ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አቀረበ። እንግዲህ ዛሬ አዲስ ጥበብ ተብሎ የሚወራለት የሁለቱ ኀይል ጋብቻ ወደ ኢትዮጵያ ከገባው የመጀመሪያ መኪና ይቀድማል ማለት ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ከብዶት፣ ዋጋው ተወዶ፣ ቤንዚንም ረክሶ ስለ ነበር መቶ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ። የቶዮታ ፕሪየስ በ1990 ዓ.ም. እንደገና ቀሰቀሰው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የቻይናው ቢ ዋይ ዲ ከሶኬት የሚሞላውን ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ፖርሼ፣ መርሴዲስ፣ ቮልቮና ቢ ኤም ደብሊው የቅንጦቱን ዐይነት እየሠሩ አስከተሉ።

ወደ ጣና ዳር የመኪናን ቋንቋ ያመጣው ጠላት ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ የስታራቼ የሞተር ጦር ጎንደርን ይዞ ወደ ሐይቁ ከወረደ ወዲህ፣ ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ ተባርሮ ሲሄድ ቃላቱ ቀሩ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚሉት ሁሉ የእርሱ ናቸው። የባለቤትነቱን ደብተር ሊብሬ፣ የዓመቱን ምርመራ ምልክት ቦሎ ማለታችንም ከዚያው ነው። በቅሎ ገዢው በጥርስ ያነበበውን ዕድሜ መኪና ገዢው በሊብሬ ያነብ ጀመር፤ በሽማግሌ ፊት ይነገር የነበረውም ቃል ወደ ውል ወረቀት ተዛወረ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩን ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ዋስ ሲያደርገው፣ ገዢውን ደግሞ ዕቃውን በጊዜው እንዲመረምርና ያገኘውን ጕድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል፤ ዐይቶ ያለፈውን ወይም ሊያየው ይገባ የነበረውን ግልጽ ጕድለት ይዞ ቢከስም አይሰማለትም። አያቴ የሰኮናውን ነገር ከዚህ ሕግ ሳይሆን ከገበያው ተማሩት እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ወደ ዘመናችን ስንደርስ ነገሩን የሚወስኑት ቀረጥና ነዳጅ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለውን መኪና በዕድሜው መጠን ከባድ ሸክም ጫነበት፤ ቀጥሎ ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ ተቃለለለት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ከጣና የሚፈሰው ዓባይ በ1950ዎቹ አጋማሽ በጢስ ዓባይ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ያመነጭ እንዳልነበረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ቆሟል። ስለዚህ በነዳጅ ማደያ ሰልፍ የሰለቸው የሐሙሲት ሰው ዐይኑን ወደ ሶኬቱ ቢያዞር አይፈረድበትም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ቤንዚኑ፣ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ መብራቱ ያደርሰኛል ብሎ ባለ ሁለት ወላጁን መምረጡም ከጥበብ የራቀ አይደለም። ደግሞም ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጕልበቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ሲያጣ የኤሌክትሪኩ ሞተር ምንም አይጐድልበትም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሁሉ ካረጀ በኋላ የሚጠየቀው አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቅንጦት ሃይብሪዶች በአዲስነታቸው በመብራት ብቻ የሚሄዱት ሠላሳ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ይኸውም ከሐሙሲት ባሕር ዳር ለመድረስ ገና ከመጀመሪያው ልክ በልክ ነው። ባትሪ ደግሞ በዓመታትና በሙቀት ይደክማል፤ ብዙ ሠሪዎች ለስምንት ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ያ ዋስትና ከመኪናው ጋር ባሕር ተሻግሮ ሐሙሲት ይደርሳል ብሎ የሚገዛ ሰው የዋህ ነው። የደከመ ባትሪ ያለው ሃይብሪድ ከመቶ ኪሎ የሚበልጥ ሬሳ ተሸክሞ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ነው፤ ችግሩ በሁለት ቤት ነው፤ ሁለት ዐይነት ጥገና፣ ሁለት ዐይነት ባለሙያ ይሻል።

ስለዚህ ለልጁ የአያቴን ምርመራ በመኪና ቋንቋ ተርጕሜ ነገርኩት፤ «ጥርሱን በሊብሬውና በሻንሲ ቍጥሩ እይ፤ ጀርባውን በመካኒክ አስገልጠህ የተጋጨና የተጠገነ እንደ ሆነ አስመርምር፤ ማታ በቤትህ ሶኬት ላይ ሰክተህ ሞልተህ አሳድረው፤ ጠዋት በመብራት ብቻ እንዲሄድ አድርገህ ወደ ባሕር ዳር ንዳው፤ ሞተሩ የት ላይ እንደሚነሣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ» አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከሻጩና ከደላላው ጋር አብሬያቸው ተቀመጥሁ። መኪናው በእውነት ያማረ ነው፤ ከጎማው ሹክሹክታ በቀር ድምፅ የለውም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሰጋር በቅሎ ላይ ያለ ይመስለዋል። ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድን ግን፣ ዘንዘልማ ገና ሩቅ ሳለች፣ ከፊት በኩል ሞተሩ ጕርር ብሎ ተነሣ፤ የመብራቱም መቍጠሪያ ባዶ አሳየ። ልጁ መኪናውን ዳር አቁሞ ወደ ሻጩ ዞረና፣ «የባትሪውስ ነገር እንዴት ነው?» አለው።

ሻጩ ፈገግ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ሞተሩ እኮ እንደ አዲስ ነው!» አለ።

እኔና የእኅቴ ልጅ ተያየን። በዚያው ቀን ማታ መክረን የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው፤ ባለ ሁለት ወላጅ መኪና በመንገድህ ልክ በመብራት የሚሄድ ከሆነ ለሐሙሲት ሰው የተገባ ግዢ ነው፤ ባትሪው ከደከመ ግን ዋጋው ከተራ የቤንዚን መኪና ዋጋ ላይ አዲስ ባትሪ የሚያስወጣው ገንዘብ ሁሉ ተቀንሶ ይቈረጥ፤ ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ልጓሙን መልሶ መስጠት ነው። ሻጩ አልተስማማም፤ ልጁም ሰኞ ዕለት ቍልፉን መለሰ።

አንባቢዬም እንዲህ ያለ ገበያ ቢገጥመው፣ ስለ እናቲቱ የሚነገረውን ምስጋና በትዕግሥት ይስማና፣ ስለ አባትየው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ።