የአሥር አለቃው ዜና መዋዕል

የነገሥታትን ዜና ጸሐፌ ትእዛዝ ይጽፈዋል፤ የጦር አለቆችን ስም ጋዜጣ ያወጣዋል። ጠመንጃ ተሸክሞ ኮረብታ የወጣውንና የወረደውን እግረኛ ግን ልጆቹ ካልጻፉለት የሚጽፍለት የለም። ስለዚህ እኔ የልጅ ልጃቸው፣ የእናቴ አባት አሥር አለቃው በኮሪያ ምድር የዘመቱበትን ዘመን ከፎቶግራፍ ጀርባና ከመዝገብ ገጽ እየለቀምሁ፣ እንደ አባቶች ወግ በየዓመቱ አስቀምጬ ጻፍሁ።

በ1943 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ21ኛው ዓመት፣ ጦር ወደ ኮሪያ እንዲሄድ ታዘዘ። የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ከመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው አቤት ሲሉ የደረሰላቸው አልነበረም። አሁን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለተወረረች ለሌላ አገር ድረሱ ባለ ጊዜ፣ ያን ጊዜ የተነፈጉትን ለሌላ ሊነፍጉ አልወደዱም። ጦሩም ከክቡር ዘበኛ ተመረጠ፤ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ሻለቃው ቃኘው ተባለ፤ ይህም የራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ነው።

የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ ወር በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተደርቦ ተሰለፈ። በ1944 ሁለተኛው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ በ1945 ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ እየተመሩ ተተካኩ።

አያቴ ከሦስቱ በየትኛው እንደ ነበሩ በቤታችን የሚያውቅ አልተገኘም። ኮሪያ ዘምተዋል ይባል ነበር፤ ነገሩ በዚያው ይቆማል። ከእርሳቸው የቀረው በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያለ ሦስት ፎቶግራፍ፣ አንድ ሜዳልያና አንዲት የእንግሊዝኛ ካርድ ነው።

በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ሃያ የሚያህሉ ወታደሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የፊተኞቹ ተንበርክከዋል። አያቴ ከኋለኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው ናቸው። በግራ ትከሻቸው ላይ ክብ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ በክቡም መካከል ሁለት ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ይታያሉ። ይህ የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ነው፤ አንዱ 7 ቀጥ ብሎ፣ ሌላው 7 ተገልብጦ ሲደራረቡ የሚወጣ ቅርጽ። መደቡ ቀይ ነው፤ ፎቶግራፉ ግን ቀዩን ግራጫ አድርጎ አስቀርቶታል። ሜዳልያው የነሐስ ነው፤ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ መስመር እየተፈራረቀበት የተሠራ ነው፤ ጽሑፉም በአማርኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን ሜዳልያ ለየዘማቹ አገር በየቋንቋው አስቀርጾታልና።

እነዚህ ሁለቱ አያቴ ኮሪያ መዝመታቸውን ይመሰክራሉ፤ ዓመቱን ግን አይናገሩም። ዓመት ያለባት ካርዷ ነበረች፤ ቤተሰቡንም ያሳተችው እርሷ ናት። ካርዷ ከመዳፍ አትበልጥም፤ በአንድ ጫፏ በብረት የተከበበች የሽቦ ቀዳዳ አለች፤ ከቁስለኛ ልብስ ላይ የምትንጠለጠል ናትና። በእርሳስ የተጻፈው ፊደል ደብዝዟል፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚነበበው 1953 የሚለው ቁጥር ነው።

በእኛ አገር 53 ሲባል ለሰው ሁሉ ትዝ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በታኅሣሥ ወር የክቡር ዘበኛ መኰንኖች በንጉሡ ላይ ተነሥተው በአዲስ አበባ ደም የፈሰሰበት ዓመት ነው። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም በዚያ ግርግር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት መኳንንት አንዱ ናቸው። ሴት አያቴ ይህን ቁጥር ባየች ጊዜ ደነገጠች። ባሏ የክቡር ዘበኛ ሰው፣ ክንዱ ላይ የጥይት ጠባሳ ያለበት፣ ካርዷም 53 የምትል! ካርዷን በጨርቅ ጠቅልላ ከሳጥኑ ሥር ቀበረቻት። ልጆቿም አባታቸው በታኅሣሡ ግርግር ከአመፀኞቹ ጋር ቆመው እንደ ቆሰሉ እየተንሾካሾኩ አደጉ። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ንጉሡ በወረዱ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ኮሪያ ሄዶ ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ የክቡር ዘበኛ ወታደር መሆን ራሱ የሚደበቅ ነገር ሆነ። አያቴ በ1969 ዓ.ም. መንዝ ላይ ሲያርፉ ሳጥኑ እንደ ተቆለፈ ነበር።

ነገሩን የፈታው በካርዷ ላይ ከዓመቱ በፊት ያለው የወር ስም ነው። የተጻፈው ሜይ ነው፤ ቀኑም 20። ግርግሩ የተነሣው በታኅሣሥ፣ ሜይ 20 ግን ግንቦት 12 ነው። ሐኪሙ የጻፈው የራሱን አገር ዓመት ነበር፤ 1953 በእነርሱ አቆጣጠር በእኛ 1945 ነው። ሁለተኛው ፎቶግራፍም ይህን ያጸናል፤ አያቴ ቀኝ ክንዳቸው በሻሽ ታስሮ ካንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀይ መስቀል ካለበት ድንኳን ደጃፍ ቆመዋል። ሦስተኛው ላይ የበረዶ ካፖርት ለብሰው ኮሪያዊ ሕፃን አቅፈዋል፤ ጀርባው ላይ በራሳቸው እጅ «ኅዳር 46» ተጽፏል። በዚያ ኅዳር ሁለተኛው ሻለቃ አገሩ ገብቷል፣ ኋላ የተላከው አራተኛው ገና አልደረሰም። ስለዚህ አያቴ የሦስተኛው ቃኘው ወታደር ናቸው።

ይህን ይዤ አዲስ አበባ ወደ ኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ሄድሁ፤ ስማቸውም ከሦስተኛው ሻለቃ ስም ዝርዝር ውስጥ ከነአባታቸው ተገኘ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያው ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄዳ የ32ኛውን ሬጅመንት የግንቦት ዘገባ አስወጣች። እንዲህ ያለ መዝገብ ለሚፈልግ ሁሉ ይህን ልንገር፤ አሜሪካኖች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ ሰውየው በአባቱ ስም ፊደል ተራ ነው የሚገኘው። ደግሞ አንዱን ስም በአንዱ ገጽ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በሌላው ገጽ በሌላ ይጽፉታል፤ ስሙን በአምስት በስድስት ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ያስፈልጋል።

በ1945 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በሚያዝያ ወር ሦስተኛው ቃኘው ግንባሩን ተረከበ። ቦታው ፖርክ ቾፕ የሚሉት የ255 ሜትር ኮረብታ አካባቢ ነው። ኦልድ ባልዲ የሚባለው 266 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ በመጋቢት ወር በቻይናዎች እጅ ወድቆ ነበርና ከዚያ ሆነው ወደ ወገን ምሽግ ቁልቁል ያዩ ነበር። ቀን ራስን ቀና ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ውጊያው የሌሊት ሆነ፤ ቃኚው ሲመሽ ከምሽግ ወጥቶ በሁለቱ ጦር መካከል ባለው ሸለቆ ያደፍጣል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳል።

በግንቦት ወር ዮክና አንክል በተባሉት ወደ ፊት በወጡ ምሽጎች ዙሪያ ብርቱ ውጊያ ሆነ። በዚያም ወር ምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድ 14 ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ባሉበት የቃኚ ጓድ ውስጥ ሆነው ሳለ 300 የሚያህሉ ቻይናዎች ከበቧቸው። አራቱ ሞቱ፤ የቀሩት ቆሰሉ፤ እጃቸውን ግን ለጠላት አልሰጡም። ማሞም ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ከፍ ያለ የጀግንነት ሜዳልያ፣ ከአሜሪካ መንግሥት ሲልቨር ስታር ተሸለሙ። በዚያ ጸደይ ከ7ኛው ክፍለ ጦር ጋር የነበረው አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ከውጊያው የወጡትን ወታደሮች ራሳቸውን እየጠየቀ የጻፈው መጽሐፍ ስለ እነዚህ የኢትዮጵያ ቃኚዎች በሰፊው ይናገራል። አያቴ ክንዳቸውን የተመቱት በዚሁ ሰሞን ነው።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ ቆመ። በጦርነቱ ዘመን ከዘመቱት 3,518 ኢትዮጵያውያን 121 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ አንድም የለም። ይህ በዕድል የሆነ አይደለም፤ የቆሰለውንም የሞተውንም ተሸክሞ ካልሆነ በቀር የሚመለስ ስላልነበረ ነው። የወደቁትም ኮሪያ አልቀሩም፤ አጽማቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አረፈ።

ሦስተኛው ሻለቃ ከዕርቁ በኋላ ክረምቱን እዚያው ከረመ። በዶንግዱቾን ከተማ ኢትዮጵያውያኑ ወላጅ ላጡ ሕፃናት የእጓለ ማውታ ቤት አቁመው ይረዱ ነበር፤ በአያቴ ክንድ ላይ ያለው ሕፃን የኅዳር ብርድ እንዳይነካው እስከ አፍንጫው በወታደር ሹራብ ተጠቅልሏል። በ1946 ሻለቃው ተመለሰ። አያቴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከክቡር ዘበኛ ተሰናብተው መንዝ ገቡ፤ እርሻቸውንም ያዙ። በታኅሣሥ 53 አዲስ አበባ ሲታመስ እርሳቸው አዝመራ ላይ ነበሩ፤ በአመፁ እጃቸው የለበትም። ይህን ካርዷን ከነቀኑ እያነበብሁ ለእናቴ ነገርኋት፤ ወንድሞቿም ተሰብስበው ሰምተዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ግድግዳ ላይ የወታደር ፎቶግራፍ ካለ አውርደህ ጀርባውን አንብብ። ባዶ ከሆነ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የጦሩን ስምና ቦታውን ጻፍበት። ዓመቱንም ስትጽፍ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ለይተህ ጻፍ። የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ደግሞ ነገ ሳትል ሂድና ጠይቀው።