የሚስተካከል የተራራ ብስክሌት ሹካ

የሚስተካከል የተራራ ብስክሌት ሹካ የብስክሌቱን የፊት ጎማ የሚይዝ፣ ውስጡ መንገጫገጭን የሚቀንስ ሞላና የዘይት ማርገቢያ ያለው የብስክሌት ክፍል ነው። ጥንካሬውን፣ የመመለስ ፍጥነቱን ወይም ርዝመቱን ነጂው እንደ ክብደቱና እንደ መንገዱ ሊለውጠው ስለሚችል «የሚስተካከል» ይባላል። በተለምዶ ፎርክ በሚለው ስምም ይታወቃል።

ስለዚህ ሹካ የነጂዎች አስተያየት ለረጅም ጊዜ ተከፋፍሎ ቆይቷል። አንዳንዶች በአንድ ብስክሌት ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ለመንዳት ያስችላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ክብደት፣ ወጪና ብልሽት ይጨምራል ይላሉ። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሹካው ጥራት ብቻ ሳይሆን ከሚነዳበት መንገድ፣ ከነጂው ክብደት እና ሹካው በትክክል ከመስተካከሉ ወይም ካለመስተካከሉ ነው። አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ኮረኮንችና የጫካ መንገድ በአንድ ጉዞ ውስጥ በሚገኙበት በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

አሠራር

ሹካው ሁለት እግሮች አሉት። እያንዳንዱ እግር የሚያብለጨልጭ የላይኛው ቱቦና እሱን የሚያስገባ ሰፋ ያለ የታችኛው ቱቦ አለው። ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ የታችኛው ቱቦ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ የሚሄደው ርቀት የመጨመቅ ርዝመት ይባላል። ይህ ርዝመት በአገር አቋራጭ ውድድር ብስክሌቶች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በቁልቁለት ውድድር ብስክሌቶች እስከ 200 ሚሊሜትር ይደርሳል።

በአብዛኞቹ ሹካዎች በአንደኛው እግር ውስጥ ሞላ ይገኛል። ሞላው የብረት ጥቅል ወይም የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። በሌላኛው እግር ውስጥ ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ የሚያደርግ ማርገቢያ አለ። ሞላው ግጭቱን ይቀበላል፣ ማርገቢያው ደግሞ ሹካው እንደ ኳስ ደጋግሞ እንዳይነጥር ያደርጋል። ማርገቢያ የሌለው ወይም ማርገቢያው የተበላሸ ሹካ በቁልቁለት ላይ የፊት ጎማውን ከመሬት ሊያነሳና መሪውን ከነጂው ቁጥጥር ሊያወጣ ይችላል።

ታሪክ

በጎዳና ውድድር የሚያገለግሉ ብስክሌቶች ሹካ ከጥንት ጀምሮ ድፍን ነው። ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች በዓለም መድረክ የታወቁትም በዚህ ዓይነት ብስክሌት ነው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹ የተራራ ብስክሌቶችም ድፍን ሹካ ነበራቸው። ለውጡ የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀደም ሲል በሞተር ብስክሌት ውድድር መካኒክ የነበረው አሜሪካዊው ፖል ተርነር እ.ኤ.አ. በ1989 ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ምርት የሆነው አርኤስ-1 በአየርና በዘይት የሚሠራ ሲሆን የመጨመቅ ርዝመቱ ወደ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን ማኒቱ፣ ቀጥሎም ማርዞኪና ፎክስ የየራሳቸውን ሹካ ለገበያ አቀረቡ። የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ሲሆን፣ ሞላ ያለው ሹካ በውድድሩ ዓለም የተለመደ ሆኖ ነበር።

ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጨመቅ ርዝመቱ ራሱ የሚለወጥ ሹካ መጣ። በሮክሾክስ ዩ-ተርን ነጂው ከላይ ያለውን መዘውር በማዞር ሹካውን ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። ለምሳሌ ፓይክ የተባለው ሹካ በዚህ መንገድ ከ140 ወደ 95 ሚሊሜትር ይወርድ ነበር። የፎክስ ታላስ ተመሳሳይ ሥራ በአየር ይሠራል። በኋላ የመጣው ዱዋል ፖዚሽን ኤር ደግሞ ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ከ160 ወደ 130 ሚሊሜትር የሚያሳጥሩ ሹካዎች ይገኙበታል።

የሚስተካከሉ ነገሮች

የሞላ ጥንካሬ፦ በአየር ሹካ ግፊቱን በመጨመር ወይም በመቀነስ ይለወጣል። በብረት ሞላ ግን ሞላውን ራሱን መቀየር ያስፈልጋል። በርካሽ ሹካዎች አናት ላይ የሚገኘው መዘውር ሞላውን አስቀድሞ ይጨምቀዋል እንጂ ጥንካሬውን አይለውጥም።

ሳግ፦ ነጂው ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጥ ሹካው በክብደቱ ብቻ የሚወርደው መጠን ነው። ለአገር አቋራጭ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ለተራራ መንገድ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆን ሳግ ይመከራል። 120 ሚሊሜትር ባለው ሹካ 20 በመቶ ማለት 24 ሚሊሜትር ነው። የላይኛው ቱቦ ላይ ባለ የጎማ ቀለበት ወይም በላላ ሁኔታ በታሰረ ስስ ክር መለካት ይቻላል።

የመመለስ ፍጥነት፦ የተጨመቀው ሹካ ወደ ቦታው የሚመለስበት ፍጥነት ነው። በጣም ከፈጠነ ጎማው ይነጥራል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ሹካው ከአንድ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ስለሚደርስበት እየወረደ ይደርቃል።

የመጨመቅ መቋቋምና መቆለፊያ፦ ፍሬን ሲያዝ ወይም ፔዳል ሲረገጥ ሹካው እንዳይሰምጥ ያደርጋሉ። መቆለፊያው ሹካውን እንደ ድፍን ሹካ እስኪሆን ድረስ ያጠነክረዋል።

የመጨመቅ ርዝመት፦ ሹካው በ20 ሚሊሜትር ሲያጥር የመሪው ቱቦ ማዕዘን በግምት በ1 ዲግሪ ይቆማል። የብስክሌቱ ፊት ዝቅ ስለሚል የነጂው ክብደት ወደ ፊት ጎማ ያዘነብላል።

የነጂዎች አስተያየት

ስለ መቆለፊያ፦ በአስፋልት ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስተው የሚነዱ ሰዎች መቆለፊያውን ይወዱታል። ሹካው ከእያንዳንዱ እርግጫ ጋር ወደ ታችና ወደ ላይ ሲል ጉልበት የሚባክን ይመስላቸዋል፣ በከፊልም እውነት ነው። ተቃራኒው አስተያየት የሚመጣው ቁልፉን ረስተው ቁልቁለት ከጀመሩ ነጂዎች ነው። የተቆለፈ ሹካ ጉድጓድ ሲመታ ግጭቱ በቀጥታ ወደ እጅ ይደርሳል። ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ የሌላቸው መቆለፊያዎች ደግሞ በዚህ ምክንያት ይሰበራሉ።

ስለ ርዝመት ማሳጠር፦ ደጋፊዎቹ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ከመሬት እየተነሳ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ያደርጋል ይላሉ። ነቃፊዎቹ ሦስት ነገሮችን ያነሳሉ። አንደኛ፣ ሹካው ሲያጥር ፔዳሉ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ድንጋይና ሥር ይመታል። ሁለተኛ፣ ውስጣዊ አሠራሩ ስለሚወሳሰብ ሹካው ለትናንሽ እብጠቶች የሚሰጠው ምላሽ ይደነዝዛል። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ መዘውሩን መንካት ይተዋል። በአዳዲስ ብስክሌቶች የኮርቻው ቱቦ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነጂው ከመጀመሪያውም ወደ ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ የማሳጠር አስፈላጊነት ቀንሷል፤ አምራቾችም ከአብዛኞቹ ሹካዎቻቸው ላይ አንስተውታል።

ስለ አየርና ስለ ብረት ሞላ፦ የአየር ሹካ ቀላል ነው፤ ለ55 ኪሎም ለ95 ኪሎም ሰው ይስተካከላል። ነገር ግን ፓምፕ፣ መለኪያና ጤነኛ ጎሚኒ ይፈልጋል። የብረት ሞላ ለስላሳና ታጋሽ ነው፤ ከብዙ ወራት በኋላም ጥንካሬው አይለወጥም። በዋጋ ዝቅ ያሉ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው ሹካ ግን ለመካከለኛ ክብደት የተመረጠ አንድ ሞላ ብቻ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቀጭን ሰው «ደረቅ ነው» ያለውን ሹካ ወፍራም ሰው «በጣም ይሰምጣል» ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ስለ ማስተካከያ ብዛት፦ ልምድ ያላቸው ነጂዎች የመጨመቅና የመመለስ ማስተካከያዎች ተለያይተው እንዲቀርቡላቸው ይፈልጋሉ። ሌሎች ግን ማስተካከያ በበዛ ቁጥር የመሳሳት ዕድሉም ይበዛል ይላሉ። በተግባር ሳግና የመመለስ ፍጥነት በትክክል ከተስተካከሉ ለአብዛኛው ሰው በቂ ናቸው።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ከከተማው በስተሰሜን ያለው እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከቦሌ ተነስቶ እንጦጦ ለመውጣት የሚያስብ ብስክሌተኛ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገዶች አሉት። የጫካው መሬት የባህር ዛፍ ሥር፣ ቅጠልና ድንጋይ የሞላበት ነው።

ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ግን በአብዛኛው አስፋልት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛና ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። እንዲህ ባለ ለስላሳ መስመር ላይ ለስላሳ ሹካ ጥቅሙ ትንሽ ስለሆነ፣ የተቆለፈ ወይም ድፍን ሹካ የተሻለ ነው የሚለው አስተያየት ይጠነክራል። በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በኮተቤ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ግን ኮብልስቶንና ኮረኮንች ይገኛሉ። ኮብልስቶን ትንንሽና ተደጋጋሚ እብጠቶች ስላሉት ትልቅ የመጨመቅ ርዝመት አይጠይቅም። የሚጠይቀው በትንሽ ግፊት የሚንቀሳቀስ ሹካና በልኩ የተነፋ ጎማ ነው። ስለዚህ ሹካው ደረቅ ነው ከመባሉ በፊት የጎማው አየር መታየት አለበት።

ከፍታው በአየር ሹካ ላይ የራሱ ውጤት አለው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል 1.01 ባር፣ በቦሌ ከፍታ ደግሞ 0.76 ባር ያህል ነው። በባሕር ወለል ተነፍቶ የመጣ ሹካ አዲስ አበባ ላይ ሲለካ መለኪያው ወደ 0.25 ባር ገደማ ጨምሮ ያሳያል፤ ይህም 3.6 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ይህ በፓምፕ በቀላሉ ይስተካከላል። ከዚያ ይልቅ የሚረሳው በታችኛው ቱቦ ውስጥ ታፍኖ የቀረው አየር ነው። ከውጭው አየር ስለሚበልጥ እንደ ተጨማሪ ሞላ ይሠራል፤ ሹካውም ሙሉ ርዝመቱን ሳይጠቀም ይደርቃል። ፎክስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በ36 እና በ38 ሹካዎቹ ላይ ይህን አየር የሚያስተነፍስ ቁልፍ አድርጓል። ቁልፍ በሌላቸው ሹካዎች የታችኛው ቱቦ ለጥገና ሲከፈት አየሩ ይወጣል። ከቦሌ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያለው ለውጥ ግን 0.08 ባር ያህል ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን ጉዞ እምብዛም አይታወቅም።

ጥገና

የአየር ሹካ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ምክንያት ሹካውን በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለመንፋት ይሞከራል። የሹካው የአየር ክፍል በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን ግፊቱ በቅጽበት ከልክ ሊያልፍና ጎሚኒውን ሊጎዳ ይችላል። ትክክለኛው መሣሪያ ከፍተኛ ግፊት የሚችልና መለኪያ ያለው ትንሽ የሹካ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲገጠም ከሹካው ትንሽ አየር ወደ ቱቦው ስለሚገባ የሚነበበው ግፊት ቀድሞ ከነበረው ያንሳል፤ ይህ የመፍሰስ ምልክት አይደለም።

የአዲስ አበባ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ የላይኛውን ቱቦ የሚያጠቡት ጎሚኒዎች ላይ ይከማቻሉ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝማል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ ውኃ ጎሚኒው ላይ መልቀቅ ግን ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋል። የሮክሾክስ መመሪያ የታችኛው ቱቦ ከ50 የመንዳት ሰዓት በኋላ ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል።

ያገለገለ ሹካ የሚገዛ ሰው አራት ነገሮችን ማየት ይጠቅመዋል። የላይኛው ቱቦ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ዘይት ያፈሳል። ሹካው ተጨምቆ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ማርገቢያው አይሠራም ማለት ነው። የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል መንቀጫቀጥ ካለ መንሸራተቻዎቹ አልቀዋል። መቆለፊያው ተዘግቶም ሹካው የሚሰምጥ ከሆነ ዘይቱ ወይም ጎሚኒው ተበላሽቷል።

አስተያየቶችን መመዘን

ስለ አንድ ሹካ የተሰጠ አስተያየት ጥቅም የሚኖረው የሰጪው ክብደት፣ የነዳበት መንገድ፣ የሳግ መጠኑና የጎማው አየር አብረው ሲታወቁ ነው። በቁልቁለት የሚወዳደር ሰው ያወደሰው ሹካ ከሲኤምሲ ወደ ቦሌ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ከባድና ውድ ሸክም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በአስፋልት ብቻ የሚነዳ ሰው «አያስፈልግም» ያለው ሹካ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማውን ከመሬት ጋር አጣብቆ ነጂውን ከመውደቅ ሊያድን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜውን በከተማ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በተራራ ለሚያሳልፍ ሰው ከ100 እስከ 120 ሚሊሜትር ርዝመት፣ የመመለስ ማስተካከያና መቆለፊያ ያለው ሹካ ከብዙ መዘውሮች ይልቅ ይጠቅማል።