ከሣሩ በታች ያለው መንደር



ማኅበራችን በዓመት አንድ ቀን ከሥራና ከቤት ጣጣ አርፎ አብሮ ይወጣል። ዘንድሮ የሄድነው ወደ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ነበር። አሳባችን የማንኛውም ጎብኚ አሳብ ነው፤ በፊልም ያየነውን ድልድይ ልናይ፣ ፎቶ ልንነሳ፣ ሣሩ ላይ ነጠላችንን ዘርግተን ይዘን የሄድነውን ድፎ ዳቦ ልንቆርስ። በመመለሻችን ግን አውቶቡሱ ውስጥ የተወራው ስለ ድልድዩ አልነበረም። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ ቦታ እንዲነሱ ስለተደረጉ ሰዎች ነበር። ላልሄዳችሁት ያየነውንና የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴንትራል ፓርክ 843 ኤከር፣ ማለትም 341 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። በማንሃተን መሀል ከ59ኛው ጎዳና እስከ 110ኛው ጎዳና ይዘረጋል። መጀመሪያ የሚያታልለው ከጥንት ጀምሮ የነበረ መምሰሉ ነው። ሐይቁ፣ ጉብታው፣ ጫካው እግዚአብሔር እንደፈጠረው የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ እና ካልቨርት ቮ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1858 ዓ.ም. የንድፍ ውድድር ካሸነፉ በኋላ በብዙ ሺህ ሠራተኞች ጉልበት የተሠራ ነው። ረግረጉ ተጠነፈፈ፣ ቋጥኙ በባሩድ ፈረሰ፣ አፈር በጋሪ ተጋዘ፣ ዛፉ በእጅ ተተከለ። ሐይቆቹም ሰው ሠራሽ ናቸው። ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡት አራት መንገዶች ከመሬቱ ዝቅ ብለው ስለተቆፈሩ፣ ሣሩ ላይ የሚሄድ ሰው የከተማውን ግርግር አያየውም። ፓርኩ የተሠራው የከተማው ባለጠጎችና ሹማምንት እንደ ለንደንና እንደ ፓሪስ ያለ መናፈሻ ስለፈለጉ ነው። ተጨናንቆ ለሚኖረው ሕዝብም ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል የሚል ክርክር ቀርቦ ነበር።

በደቡብ ምዕራቡ በር ገብተን መጀመሪያ የደረስነው «የበግ መስክ» ከሚባለው ሰፊ ሣር ነው። ስሙ ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ በጎች ይግጡበት ነበር። የበጎቹ ጋጣ የነበረው ሕንፃ ዛሬ ምግብ ቤት ነው። የኒውዮርክ ማራቶን የሚያበቃውም እዚያው አጠገብ ባለው መንገድ ላይ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2009 ደራርቱ ቱሉ ውድድሩን አሸንፋ የመጨረሻውን መስመር የረገጠችው በዚያ መንገድ ነው፤ ይህን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እሷ ናት። ያን ጊዜ የ37 ዓመት ሴትና እናት ነበረች። ቦታው ላይ ቆመን እልል ስንል የሚያልፉት ሰዎች ምን እንደሆነ ጠየቁን፤ ነገርናቸው።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን፣ በትልልቅ ዛፎች በተጋረደው ሰፊ መንገድ ላይ የሦስት ሴቶች ሐውልት አገኘን። ሶጆርነር ትሩዝ፣ ሱዛን ቢ. አንተኒ እና ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ይታያሉ። ሐውልቱ የተመረቀው ኦገስት 26 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በፊት በፓርኩ ውስጥ ከተረት የመጡ ሴቶች ምስል እንጂ በእውነት የኖረች ሴት ሐውልት አልነበረም። ሶጆርነር ትሩዝ በዚያው በኒውዮርክ ግዛት በባርነት ተወልዳ፣ ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ አላባማ የተሸጠባትን ልጇን በፍርድ ቤት ተሟግታ ያስመለሰች እናት ናት። በመጀመሪያው የሐውልቱ ንድፍ ላይ እሷ አልነበረችም። «ጥቁሯ ሴት የት አለች?» የሚል ጥያቄ በርትቶ ከተነሳ በኋላ ነው የተጨመረችው።

መንገዱ ሲያልቅ ደረጃ ወርደን ከታላቁ ፏፏቴ ደረስን። በአናቱ ላይ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ቆሟል። ስሙን ስናነብ ብዙዎቻችን ደነገጥን፤ የእኛዋ ቤተ ሳይዳ ናት። በዐቢይ ጾም በመጻጉዕ እሑድ የሚነበበው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው የተፈወሰባት መጠመቂያ። መልአኩን የቀረጸችው ኤማ ስቴቢንስ የምትባል ሴት ስትሆን፣ ሐውልቱ የተመረቀው በ1873 ዓ.ም. ነው። በኒውዮርክ ከተማ እንዲህ ያለ ትልቅ የሕዝብ ሥራ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሐውልቱ የሚያወድሰው ውኃውን ነው። ኮሌራ ሲፈጃት የነበረችው ከተማ በ1842 ዓ.ም. ከክሮተን ወንዝ ንጹሕ ውኃ በቦይ ስላስመጣች፣ መልአኩ ያን ውኃ ሲባርክ ተቀርጿል። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናታችን እጃቸውን አርጥበው ፊታቸውን ዳበስ አደረጉ። «ጸበል ባይሆንም ውኃ ነው፤ ውኃ ይከበራል» አሉን።

ያ ውኃ ሲመጣ ግን የሚጠራቀምበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ «ታላቁ ሣር» በሚባለው ቦታ ዮርክ ሂል በምትባል ጉብታ ላይ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ተሠራ። እዚያ ይኖሩ ከነበሩት ጥቁር ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ተነስተው ጥቂት ወደ ምዕራብ ራቅ ብለው ሰፈሩ። እኛም መንገዱን ተከትለን ወደዚያ ሄድን። ከ82ኛው እስከ 89ኛው ጎዳና፣ በፓርኩ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ሣርና ቋጥኝ ብቻ ከሚታይበት ቦታ ላይ አንድ የመረጃ ሰሌዳ ቆሟል። ሴኔካ ቪሌጅ ይላል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1825 ዓ.ም. ነው። ጆን እና ኤልዛቤት ኋይትሄድ የተባሉ ባልና ሚስት የእርሻ መሬታቸውን በትንንሽ ቦታ ከፋፍለው መሸጥ ጀመሩ፤ ለጥቁሮችም ሸጡ። የመጀመሪያው ገዢ አንድሩ ዊሊያምስ የ25 ዓመት ጫማ ጠራጊ ነበር፤ ሦስት ቦታ በ125 ዶላር ገዛ። ኤፒፋኒ ዴቪስ የተባለው ደግሞ አሥራ ሁለት ቦታ በ578 ዶላር ገዛ። ይህ ሲሆን ኒውዮርክ ውስጥ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ያልቀረበት ጊዜ ነው፤ የቀረው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1827 ዓ.ም. ነው። ጫማ እየጠረገ 125 ዶላር ያጠራቀመ ሰው ምን ያህል ቀን ሳይበላ እንደዋለ፣ እቁብ የጣለች ሁሉ ትገምታለች።

መሬት መግዛቱ ከቤትም በላይ ትርጉም ነበረው። በ1821 ዓ.ም. የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት ሊኖረው ይገባል ይል ነበር። ከነጮች ላይ የንብረት ግዴታው በዚያው ዘመን ሲነሳ በጥቁሮች ላይ ጸና። ስለዚህ ያቺ ቁራሽ መሬት ድምፅም ነበረች። ሴቶች ግን፣ ነጭም ሆኑ ጥቁር፣ በኒውዮርክ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1917 ዓ.ም. ነው። ይሁንና በሴኔካ ቪሌጅ መሬት ከነበራቸው መካከል ሴቶችም አሉ። ከእነሱ አንዷ ኤልዛቤት ግሎስተር ኋላ በአገሩ ካሉት ሀብታም ጥቁር ሴቶች የምትቆጠር ነጋዴ ሆነች፤ የጥቁር ወላጅ አልባ ልጆችን ማሳደጊያም ትረዳ ነበር።

በ1855 ዓ.ም. በመንደሩ ወደ 225 ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች፣ የቀሩት በአብዛኛው ከረኃብ ሸሽተው የመጡ አየርላንዳውያን ናቸው። ከጥቁሮቹ ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ የቤት ባለቤቶች ነበሩ። ሦስት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤትና የመቃብር ቦታዎች ነበሯቸው። ከሦስቱ በአንደኛው ጥቁሩና ነጩ አብረው ይጸልዩ ነበር። የጥቁሩንም የነጩንም ልጅ የምታዋልድ አንዲት አየርላንዳዊት አዋላጅ ነበረች።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ዘመን የኒውዮርክ ጥቁሮች እንደ እኛው ዕድር ነበራቸው። በ1808 ዓ.ም. «የአፍሪካውያን መረዳጃ ማኅበር» ብለው ያቋቋሙት ማኅበር አባላት መዋጮ ያዋጡ ነበር፤ የታመመ ይረዳል፣ የሞተ ይቀበራል፣ ባሏ የሞተባትና ወላጅ ያጡ ልጆች ይደገፋሉ። በ1828 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ከሐዋርያት ሥራ፣ ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ ከነበረችው ከዶርቃ ወሰዱ። ሥራቸውም ልብስ መስፋት ነበር፤ ልጆች ልብስ አጥተው ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን እነሱም በቋንቋቸው ያውቁት ኖሯል። ከእኛ መካከል በየነሐሴው ደብተርና የትምህርት ቤት ቦርሳ የምታሰባስቡ እህቶች፣ ከእናንተ በፊት ይህን የሠሩ ሴቶች እንደነበሩ እወቁት።

ጁላይ 21 ቀን 1853 የግዛቱ ምክር ቤት ከተማው መሬቱን ለፓርክ እንዲወስድ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ኦገስት 4 ቀን፣ በመንደሩ ካሉት ምእመናን አንደኛው ክፍል ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ አኖረ። በድንጋዩ ውስጥ አንድ ሣጥን አስቀመጡ። በሣጥኑም መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደንብ፣ የሁለት ጋዜጦች ቅጂና የባለአደራዎቹን ስም የያዘ ደብዳቤ ነበር። ለሚመጣው ትውልድ ስማቸውን በመሠረት ውስጥ አኖሩ።

ከዚያ በኋላ ጋዜጦቹ መንደሩን የወራሪዎች ጎጆ አድርገው ይጽፉ ጀመር፤ ርስታቸውን በውል የገዙትን ሰዎች ስድብ እየለጠፉ ይጠሯቸው ነበር። ለባለመሬቶቹ ካሳ ተከፍሏል፤ ብዙዎቹ ግን አነሰን ብለው አቤት አሉ። አንድሩ ዊሊያምስ ለቤቱና ለሦስቱ ቦታዎቹ 3,500 ዶላር ጠይቆ የተሰጠው 2,335 ነው። በ1857 ዓ.ም. መጨረሻ መንደሩ ባዶ ሆነ። በፓርኩ ክልል በሙሉ የተነሱት ሰዎች 1,600 ያህል ናቸው። ሰዎቹ ተበታተኑ፤ እንደ መንደር ዳግመኛ አንድ ቦታ አልተሰበሰቡም።

ከመቶ ዓመት በላይ ሴኔካ ቪሌጅን ያስታወሰ ሰው ጥቂት ነው። ሮይ ሮዘንዝዋይግ እና ኤልዛቤት ብላክማር በ1992 ዓ.ም. ስለ ፓርኩና ስለ ሕዝቡ ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን አነሱት። በ1997 ዓ.ም. በኒውዮርክ ታሪክ ማኅበር ኤግዚቢሽን ተደረገ፤ በ2001 ዓ.ም. መታሰቢያ ጽሑፍ ቆመ። በ2011 ዓ.ም. የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሣሩን ገልጠው ሲቆፍሩ የአንድ ቤት የድንጋይ መሠረት አገኙ። ከውስጡ የብረት የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ መጥበሻ፣ የሸክላ ዕቃ ስብርባሪና የቆዳ ሶል ያለው ትንሽ ጫማ ወጣ።

ይህን ስንነጋገር አንዲት እህታችን ዝም አለች። ያደገችበት የአዲስ አበባ ሰፈር በቅርብ ዓመታት ፈርሷል፤ የሰማችውም በስልክ ነው። እናቷ ሰላሳ ዓመት ቡና ያፈሉበትን ቤት ፎቶ ፈልጋ አጥታለች። «እነዚህ ማንቆርቆሪያቸው እንኳ ተገኘላቸው» አለች። የሚመልስላት አልነበረም። ከእኛ መካከል ከካዛንቺስም፣ ከፒያሳም፣ ከሌላም ሰፈር የመጣን አለን። ከተማ መንገድና መናፈሻ አይሥራ የምንል አይደለንም፤ ያን ቀን በሣሩ ላይ ተቀምጠን ዳቦ የቆረስነው እኛው ነን። ግን በስፍራው ማን ይኖር እንደነበር ስሙ አብሮ መጥፋት የለበትም።

ፓርኩም ቢሆን ያለ ጠባቂ አልቆየም። በ1970ዎቹ ሣሩ ደርቆ፣ ድልድዩ ተሰባብሮ፣ ሰው የሚፈራው ቦታ ሆኖ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ኤልዛቤት ባርሎው ሮጀርስ የምትባል ሴት ከሌሎች ጋር ሆና ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋመች። ዛሬ ለፓርኩ ጥገና ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚገኘው ከለጋሾች ነው። ደጋፊዎቻችን ይህን እንድታውቁት የፈለግነው፣ ሰው ከኪሱ የሚያወጣት ትንሽ ገንዘብ ስንት ዘመን እንደምትሻገር ስለሚያሳይ ነው።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ነገር ተስማማን። የማኅበራችን የመጀመሪያ ደብተር፣ መሥራቾቹ ስማቸውንና የመጀመሪያ መዋጮአቸውን በእጃቸው የጻፉበት፣ አሁንም በአንድ አባል ቤት በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቅጂው ይነሣና በሁለት ቦታ ይቀመጥ አልን። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ እያንዳንዳችን በአንድ ገጽ ላይ የእናታችንን ስም፣ ያደግንበትን ሰፈር፣ የጎረቤቶቻችንን ስም ጽፈን እንምጣ። ፎቶ ያላት ፎቶ ታምጣ። መጻፍ የሚቸግራቸው እናቶቻችን ይንገሩን፤ እኛ እንጽፍላቸዋለን።