ድሬዳዋ በእጅ የጻፈችው፦ ከዋሻው ቀይ አፈር እስከ ኢ-ኢንክ ታብሌት

ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ የደቻቱ ወንዝ ቁልቁል በሚወርድበት ሸለቆ ላይ፣ ከኖራ ድንጋይ ገደል መካከል አፉን የከፈተ ዋሻ አለ። ፖርክ ኤፒክ ይባላል። አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1929 ካገኙት ወዲህ በየዘመኑ ተቆፍሯል። ከውስጡ ከወጣው ሁሉ የሚያስደንቀው ቀይ አፈሩ ነው፤ ሲቆጠር 4,213 ቁራጭ፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ግራም ያህል። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ብዙው ተፍቋል፣ ተፈጭቷል፤ የመፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል። አንዲት ጠጠር ደግሞ ግማሽ ጎኗ ፈሳሽ ቀለም ውስጥ ተነክሯል፤ አጥኚዎቹ ምልክት ለማተም ሳታገለግል አልቀረችም ይላሉ።

ይህን ማንም ጽሕፈት አይለውም። ሰው በዚህ ሸለቆ ቀለም በጥብጦ በእጁ ምልክት ማኖር የጀመረው ግን ከተማዋ ከመቆርቆሯ እጅግ ቀድሞ መሆኑን ያስረዳል። ዛሬ የድሬዳዋ ተማሪ፣ መምህርና ነጋዴ በእጅ የሚጻፍበትን ኢ-ኢንክ ታብሌት ሊገዛ ሲያስብ የቱ እንደሚሻል ይጠይቃል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስክሪን ስፋትና ስለ ባትሪ ዕድሜ ይሆናል። እኔ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ በከተማዋና በዙሪያዋ የጽሕፈት ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይገባል እላለሁ። እዚህ አገር መጻፊያው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የቆየልን ከመጻፊያው ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ የተሻገረው ጽሑፍ ነው።

የሚታጠበው ሎሕና የማይታጠበው ብራና

በሐረርና በአካባቢዋ የቁርኣን ትምህርት ለዘመናት የተሰጠው በእንጨት ሎሕ ላይ ነው። ልጁ ሸምበቆ ቀርጾ፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱን ክፍል ይጽፋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደጋግመዋል፤ ሲሸመድደው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ከዚያ ሎሑ በውኃ ይታጠብና ለነገው ትምህርት ባዶ ይሆናል። ሰሌዳው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ የሚከማቸው በልጁ አእምሮ ውስጥ ነው።

እንዲቆይ የታሰበው ጽሑፍ መንገዱ ሌላ ነበር። የሐረር ጸሐፍት በወረቀት ላይ ገልብጠው፣ በቆዳ ጠርዘው፣ ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ሰብስበው፣ ጥገናውንም ራሳቸው ተምረው በሙዚየማቸው አኑረዋቸዋል። ዛሬ ከድሬዳዋ በመኪና ዳገቱን ወጥቶ ሐረር የደረሰ ሁሉ ሊያያቸው ይችላል።

በገዳማትና በአድባራት ደግሞ ቁም ጸሐፊው ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፤ በወስፌ እየወጋ ያሰምራል፤ በጥቁር ቀለም ጽፎ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ቀዩን ያነሳል። ሲሳሳት ቆዳውን በቢላ ፍቆ ያርማል። በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በዚህ ጥበብ ተሠርተው ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይተዋል።

አባቶች እንግዲህ ሁለቱን ሥራ ለይተው ያውቁ ነበር። ለመማር የሚጻፈው በሎሕ፣ ለማቆየት የሚጻፈው በብራናና በወረቀት ነው። የዛሬው ታብሌት ሁለቱንም እችላለሁ ይላል፤ እንደ ሎሕ ያጠፋል፣ እንደ ብራና ያስቀምጣል። ገዢው ራሱን መጠየቅ ያለበት የትኛውን ሥራ ሊሰጠው እንዳሰበ ነው። ለዛሬ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ የትኛውም ይበቃዋል። የዕድሜ ልክ ማስታወሻ ሊያኖርበት ከሆነ ግን ምርመራው ጥብቅ መሆን አለበት።

ባቡሩና ማተሚያ ቤቱ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የሐዲድ ፈቃድ ከጂቡቲ በሐረር በኩል ወደ መሀል አገር እንዲዘልቅ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ በ1902 መጨረሻም ከዚህች ሜዳ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ከባቡር ወርዶ በጋማ ከብት የሚጫነው ከዚሁ ነበር። ከከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ጋር ከተማዋ የቢሮ ሥራንም ከባቡሩ ወረሰች፤ በፈረንሳይኛ የሚሞላ የጭነት ደብተር፣ ትኬት፣ ደረሰኝ፣ ቴሌግራም።

ከባቡሩ በኋላ የመጣው ሌላው በረከት የካፑቺን ካቶሊክ አባቶች የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። የባትማን የአማርኛ–ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመው እዚህ ድሬዳዋ ነው። ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራዎችም በዚሁ ማተሚያ ቤት ብርሃን ያዩ አሉ።

የአለቃ ኪዳነ ወልድን ስም ካነሳን፣ ማስታወሻ መያዣ ለሚመርጥ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የእሳቸው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ታሪክ ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። መምህሩ ሲያርፉ ጅምሩ ለደቀ መዝሙሩ ቀረ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስፋፉት ኖረው፣ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ፣ በመካከሉም የጣሊያን ወረራ! ያ ሁሉ የእጅ ጽሑፍ የተረፈው ተቀባዩ ያለማንም ፈቃድ ገልጦ ሊያነበው፣ ከቆመበትም ሊቀጥለው ስለቻለ ነው። የመምህሩ ወረቀት የይለፍ ቃል ቢፈልግ ወይም ወርኃዊ ክፍያ ሲቋረጥ የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያ መዝገበ ቃላት በእጃችን አይኖርም ነበር።

ቁልፍ ሰሌዳ የማያውቀው ፊደል

ሁለተኛው ትምህርት ከሼኽ በክሪ ሳጳሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1895 በሐረርጌ የተወለዱት እኒህ ሊቅ በኦሮሚኛ ባለቅኔ፣ በዐረብኛ የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። በ1956 ለኦሮሚኛ ድምፆች የሚስማማ አዲስ ፊደል ፈጠሩ። ተማሪዎቻቸው ተቀብለው መጻጻፍ ሲጀምሩ መንግሥት ሠጋ፤ ሼኹም ከድሬዳዋ እንዳይወጡ ተደርገው በቁም እስር ተቀመጡ። እዚሁ ሆነው በዚያው በፈጠሩት ፊደል ‘ሸልዳ’ የተባለች ትንሽ መጽሐፍ ጻፉ። በኋላ ወደ ሶማሊያ ተሰደው በ1980 በስደተኞች መጠለያ ዐረፉ። ፊደላቸውን ያኖረው የጽሕፈት መኪና ሳይሆን ብዕር ነበር።

ይህ ታሪክ ለድሬዳዋ ሰው ዛሬም ቅርብ ነው። መጋላ ሰፈር ላይ የሚነግድ ሰው ሒሳቡን በአማርኛ፣ የደንበኛውን ስም በሶማሊኛ ወይም በኦሮሚኛ በላቲን ፊደል፣ ዱዓውን በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ። በስልክ ቢሆን ለእያንዳንዱ ቋንቋ ኪቦርድ መቀያየር አለበት። በብዕር የሚሠራ ታብሌት ሁሉንም እኩል ይቀበላል፤ የሼኽ በክሪን ፊደል ሳይቀር። የእጅ ጽሑፍን ወደ ታይፕ እለውጣለሁ የሚለው አገልግሎት የመጀመሪያ መለኪያ ሊሆን የማይገባውም ለዚህ ነው። አገልግሎቱ የሚያውቃቸው ቋንቋዎች የተቆጠሩ ናቸው፤ የሰው እጅ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይጽፋል።

ቀለሙ ከመስታወቱ ሥር

ታብሌቶቹ ስማቸውን ያገኙበት ኢ-ኢንክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ከአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ምርምር ወጥቶ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከስክሪኑ ሥር ከፀጉር ውፍረት የማይበልጡ ከረጢቶች በብዛት ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ከረጢት ፈሳሽ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ፤ የሁለቱ የኤሌክትሪክ ሙል ተቃራኒ ነው። ከሥር የሚመጣው ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ ሲስብ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ያ ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ብናኙ ባለበት ይረጋል። ስለዚህ ጉልበት የሚወስደው ገጹ ሲለወጥ እንጂ ሲነበብ አይደለም። እንደ ስልክ ከውስጥ ስለማያበራ በቀትር ፀሐይ ይበልጥ ይነበባል።

በዚህ ጥበብ የተሠራው የመጀመሪያው ማንበቢያ፣ የሶኒ ሊብሪዬ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ ኪንድል በ2007 ተከተለ። ብዕሩ በደንብ የተዋሐደው ዘግይቶ ነው። የኖርዌዩ ሪማርኬብል በ2017፣ ሁለተኛው በ2020፣ የአማዞን ኪንድል ስክራይብ በ2022 መጡ። ከቻይና ደግሞ ቡክስና ሱፐርኖት አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ዋኮም የተባለው ኩባንያ ያስፋፋው ብዕር በውስጡ ባትሪ የለውም፤ ጉልበቱን ከስክሪኑ መግነጢሳዊ መስክ ይወስዳል።

ድሬዳዋ ላይ ሲመረጥ

እንግዲህ ምርጫው። መጀመሪያ ሙቀቱን እናስብ። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ እንዲሠራ ይመክራሉ። የድሬዳዋ ቀትር በግንቦትና በሰኔ ይህን ያልፋል። በቆመ ባጃጅ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ መተው ባትሪውን ያሳጥራል። ሌላው መብራት ነው። ሪማርኬብል 2 እና የሱፐርኖት ታብሌቶች የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ በ2022 የወጣው ኪንድል ስክራይብ አለው። ማታ መብራት ሲጠፋ የሚያጠና ተማሪ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ቀጥሎ ፊደላችን። የላቲን ቅጥልጥል ጽሕፈት ብዕሩን ሳያነሳ ይሄዳል። በእኛ ፊደል ከእያንዳንዱ ሆሄ በኋላ ብዕር ይነሳል፤ ‘ለ’ን ከ‘ሉ’፣ ‘ቀ’ን ከ‘ቁ’ የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ብዕሩ ገና ሳይነሳ ቀለሙ ከተቋረጠ፣ ወይም ሲነሳ ጭረት ከተወ፣ ካዕቡ ግዕዝ ይመስላል። ስለዚህ ስትሞክሩት በፍጥነት፣ በትንንሹ፣ በአማርኛ ጻፉበት። በአንድ ኢንች 226 ነጥብ ባለው በሪማርኬብል 2 እና 300 ነጥብ ባለው በስክራይብ መካከል ያለው ልዩነት በተለይ ደቃቅ የአማርኛ ፊደል ባለው ፒዲኤፍ ላይ ይታያል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። የፕላስቲክ የብዕር ጫፍ ያልቃል፤ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዶ በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ ትርፍ ጫፍ ከዕቃው ጋር አብሮ መምጣት አለበት። የሱፐርኖት ብዕር ጫፉ ጠንካራ ስለሆነ ይህን አይፈልግም፤ ኖማድና ማንታ የተባሉት ሞዴሎቹ ደግሞ ባትሪያቸውን ባለቤቱ ራሱ ሊቀይር ይችላል። ዕቃው በዘመድ እጅ ከውጭ ለሚመጣለት፣ የሚመልስበት ሱቅም ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው መውጫው ነው። ሪማርኬብልንና ሱፐርኖትን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር አገናኝቶ ያለ ኢንተርኔት ማስታወሻን ማውጣት ይቻላል። ስክራይብ ማስታወሻውን በዋናነት የሚያወጣው በኢንተርኔት ነው። ቡክስ አንድሮይድ ስለሆነ በቴሌግራምም ይልካል፤ ከደብተርነት ይልቅ ወደ ስልክነት ስለሚያዘነብል ግን ትኩረት ይሻማል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈበትን ጎርፍ የሚያስታውስ የከተማዋ ሰው፣ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን ያህል ተስፋ እንደማይጣልበት መካሪ አያሻውም። ቅጂ በሌላ ቤት፣ በሌላ ዕቃ ላይ መኖር አለበት።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስክራይብ ሲወጣ 340 ዶላር ገደማ፣ ሪማርኬብል 2 ደግሞ 400 ዶላር ያህል ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ የሪማርኬብል 2 ዋጋ ብቻውን ከ40 ሺህ ብር ይበልጣል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከማስታወቂያ ያለፈ ማረጋገጫ ይገባዋል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የአንድ ዓመት ማስታወሻችሁን ለታብሌቱ አደራ ከመስጠታችሁ በፊት፣ በምታውቋቸው ፊደላት ሁሉ አንድ ገጽ ጻፉበት። ኢንተርኔቱን አጥፉና ገጹን በገመድ ወደ ኮምፒውተር አውጡት፤ በአቅራቢያችሁ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙት፤ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ያንብበው። ይህን ፈተና ያለፈውን ታብሌት ስሙ ምንም ይሁን ግዙት፤ ለብዙ ተማሪ ክምር ደብተር ይተካለታል፣ ለመምህሩም የዕድሜ ልክ ማስታወሻውን በአንድ እጅ ያስይዘዋል። ካላለፈ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ዛሬም ይበልጡታል፤ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን ጅምር ለአለቃ ደስታ ያደረሰውም ወረቀት ነው።